ለጎረቤቴ ሰርጓጅ የገዛነው የኦክስጅን መለኪያ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

እኔ የምኖረው ሲያትል ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው፤ ጋራዣቸው ውስጥ አንድ ሰው የምትይዝ ሰርጓጅ መርከብ እየሠሩ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ የመለኪያዎቹን ነገር ለእኔ ተዉት። ያኔ ነው ጭንቀቱ የጀመረኝ፤ የሰው ነፍስ ነዋ።

የገዛነው መለኪያ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ በባትሪ የምትሠራ ዕቃ ናት። 240 ዶላር ከፈልን። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ ሲወርድ ወይም ከ23.5 ሲያልፍ ትጮኻለች። ቁጥሮቹ አሜሪካ ውስጥ ታንከርና ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ለሚሠሩ ሰዎች የወጡ ገደቦች ናቸው። ዝቅተኛው ለሁሉም ይገባዋል። ከፍተኛውን ግን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ኦክስጅን ቢበዛ ምን ይጎዳል ይላል። በ1967 የአፖሎ 1 ሦስት ጠፈርተኞች ያለቁት ገና መሬት ላይ እያሉ፣ ንጹህ ኦክስጅን በሞላው ክፍል ውስጥ በተነሳ እሳት ነው። ሰርጓጇ ውስጥም ኦክስጅኑ ከሲሊንደር በትንሽ ቫልቭ ነው የሚገባው፤ ቫልቩ ከላላ ክፍሏ እሳት የምትጠብቅ ነገር ትሆናለች።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። እሳቸው ገብተው ተቀመጡ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ኦክስጅን አልጨመርንም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጠውን ሶዳ ላይምም አላስገባንም። አንድ እጄን ከክዳኑ እጀታ ሳላነሳ በመስኮቷ ቁጥሩን እያየሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሲጀምር 20.9። ሃያኛው ደቂቃ ላይ 20.3። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ 20.0። 47ኛው ደቂቃ ላይ ጮኸች፣ ወዲያው ከፈትኩ።

«ምን ተሰማዎት?»

«ምንም። ትንሽ ሞቆኝ ነበር።»

እኔን ያስፈራኝ ይሄ መልስ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ሰውነት አይናገርም፤ ሰውዬው ደህና ነኝ እያለ ነው ራሱን የሚስተው። በዚህ በኩል መለኪያዋ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። ውስጧ ያለው ባዶ ቦታ 1,000 ሊትር ገደማ ነው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በደቂቃ 0.3 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ሳሰላው ከደብተሬ ጋር ገጠመልኝ።

ግን በዚያው ሙከራ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያም ተውሼ አጠገቧ አስቀምጬ ነበር። ሃያኛው ደቂቃ ላይ እሱ 0.5 በመቶ ደረሰ፣ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የተቀመጠው ገደብ ማለት ነው። ክዳኑን ስከፍት 1.1 ነበር። የእኛዋ በሃያኛው ደቂቃ 20.3 ብላ ጸጥ ብላለች! ጥፋቷ አይደለም፣ የተሠራችው ለኦክስጅን ነው። በ1973 ፍሎሪዳ፣ ኪ ዌስት አካባቢ፣ ጆንሰን ሲ ሊንክ የምትባል ሰርጓጅ የሰመጠ መርከብ ስብርባሪ ላይ ተጠላልፋ ሁለት ሰዎች ሞተውባታል። መምጠጫው በውሃው ቅዝቃዜ ምክንያት መሥራት ስላቆመ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው የገደላቸው። ስለዚህ ይህቺን ብቻ ገዝታችሁ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ፣ እባካችሁ።

ሌላም ያስተማረችኝ ነገር አለ። ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ይዣት ሄድኩ። ሲያትል ላይ ንጹህ አየር ውስጥ 20.9 እንድታሳይ አስተካክያት ነበር። እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ስከፍታት 16 ገደማ አሳየችና ጩኸቷን ለቀቀችው። እህቴ ክው አለች። የአዲስ አበባ አየርም እኮ 20.9 በመቶ ኦክስጅን ነው። ይህ ዓይነቱ ሴንሰር የሚለካው ግን የኦክስጅኑን ግፊት ነው፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከሲያትል በሩብ ያህል ያንሳል። ሰርጓጅ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ ከታመቀው አየር ቧንቧ ትንሽ ካፈሰሰ የክፍሏ ግፊት ይጨምራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ የአየር ግፊት መለኪያ ሰቅለናል፣ ሁለቱን ሳናይ ምንም አንወስንም።

ቅሬታዬ ሴንሰሩ ላይ ነው። ውስጡ ያለው እርሳስ ኦክስጅን በነካው ቁጥር እያለቀ ይሄዳል፤ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው። የእኛ ሲመጣ የተመረተበት ቀን 14 ወር አልፎታል! ሻጩን ጠየቅኩት፣ መልስ የለም። መለወጫው 90 ዶላር ነው። ትንፋሽ ጤዛ ሆኖ ፊቱ ላይ ሲያርፍም ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይወርዳል፤ ፊቱን ወደ ታች አዙረን ስናስረው ተሻለው። ድምጿ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ አይሰማም፣ ስለዚህ ቀይ መብራት ቀጥዬላታለሁ።

ግዟት ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ፣ ግዟት፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው ግን አብሮ ይገዛ፣ የሴንሰሩንም ቀን ሳታዩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። እኛ አዲሱ ሴንሰር ባለፈው ሐሙስ ደርሶልናል፣ የገባበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ ጽፌበታለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤቴን ከነሶዳ ላይማቸው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ልዘጋባቸው ነው።