አምራቹ የለወጠልኝ ላፕቶፕ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ላፕቶፕ ገዛሁት ማለት ይከብደኛል። የገዛሁት ታላቁን ነበር። እሱ ዋስትናው ሳያልቅ አረፈ፣ አምራቹ በምትኩ ይሄን ላከልኝ። አሁን ወራት ሠርቼበታለሁ፤ ስለ ማሽኑም፣ ስለ መለወጡ ጣጣም፣ ፋይሎቼን ስላሻገርኩበት መንገድም የምለው አለኝ። የካምፓኒውን ስም ግን አልጠራም። ያየሁት ነገር በአንድ ብራንድ ብቻ የሚደርስ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ማሽኑ። ስክሪኑ 14 ኢንች ነው፤ ራሙ 16 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) 512 ጊጋ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ትርጉም ሲሆን የእድራችንን ቃለ ጉባኤም የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስጽፍ ነው የምውለው። ኪቦርዱን ወድጄዋለሁ። አይጮኽም፣ ጣት አያደክምም። ባትሪው ዎርድና ብሮውዘር ብቻ ከሆነ እስከ ማታ ይዘልቃል። ዙም ከተከፈተ ግን ከምሳ በኋላ ቻርጀር መፈለግ ነው። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ትከሻዬ አላማረረም።

የቀድሞውም ሲገዛ እንዲሁ ነበር። ችግሩ የጀመረው ስብሰባ መሀል ነው። ምንም ሳይል ድርግም ይላል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ቻርጀሩም ተሰክቷል፣ እሱ ግን ጠፍቷል። የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ስከፍት «ከርነል ፓወር 41» የሚል በቀይ ተደርድሯል። ይሄ ቁጥር ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ምክንያቱን አይነግርህም። ቢሆንም ቀንና ሰዓቱ አብሮ ስላለ በየጊዜው በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ አስቀመጥኩ። በኋላ የረዳኝ እሱ ነው።

ስልክ የሚያነሱት ሰዎች ትሁት ናቸው፤ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ግን ከተጻፈላቸው ወረቀት ንቅንቅ አይሉም። ባዮሱን አፕዴት አድርግ። ዊንዶውስን እንደገና ጫን። ሌላ ቻርጀር ሞክር። በሚቀጥለው ጊዜ ስደውል ሌላ ሰው ያነሳና እንደገና ከሀ ሁ እንጀምራለን። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የጉዳዩን ቁጥር ተቀበሉ፣ የተባላችሁትንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ ሳጥን ላኩልኝ፣ አሽጌ ሰደድኩት፣ ማዘርቦርዱን (ዋናውን የውስጥ ሰሌዳ) ቀይረው መለሱት። ደስ ብሎኝ ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ጠበቀኝ፤ የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁጥር አስገባ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ላፕቶፖች፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁባቸው፣ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፉታል። የቁልፉን ነገር የሚይዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የደኅንነት ቺፕ ነው። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ቺፑም አብሮ ይቀየራል፣ ዲስኩም ባለቤቱን አያውቅም። ያኔ የሚያድናችሁ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ስድስት ስድስት አሃዝ ሆኖ በስምንት ቦታ የተከፈለ። የእኔ ማይክሮሶፍት አካውንቴ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስልኬ እያየሁ አንድ በአንድ መታሁት። ይሄን ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ግን ዋጋ የለውም።

ጥገናው አልበረከተም። ትንሽ ቆይቶ ድርግም ማለቱ ተመለሰ፣ ይባስ ብሎ ከተከፈተ ከደቂቃዎች በላይ አልቆይ አለ። አሁን ይለወጥልኝ አልኩ። አሜሪካ ውስጥ ማግነሰን-ሞስ የሚባል የ1975 የዋስትና ሕግ አለ። ሕጉ ዋስትናን «ሙሉ» እና «ውሱን» ብሎ ይለያል። በሙሉ ዋስትና ዕቃው በተገቢ ሙከራ ካልተጠገነ ገዢው ገንዘቡን ወይም ምትክ ዕቃ የመምረጥ መብት አለው። የላፕቶፖች ዋስትና ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሱን ነው፣ የእኔም እንደዚያው። ይጠገን፣ ይለወጥ፣ ገንዘብ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው አምራቹ ነው። ስለዚህ ሕግ እየጠቀስኩ አልተከራከርኩም። ሱፐርቫይዘር ጠየቅኩ፣ የጥገናውን ወረቀትና ከጥገናው በኋላ የተነሱትን ፎቶዎች ላክሁ። እነሱም ተስማሙ።

የቀረው ፋይሉ ነው። ለፋይል ኃላፊነት እንደማይወስዱ ዋስትናው ላይ በግልጽ ጽፈዋል። እኔ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር በሚጠፋ ማሽን ምንም ኮፒ ማድረግ አልችልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን የሀገሬ ልጅ ጋ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ከመክፈቴ በፊት ቁልፉ አለዎት?» አለኝ።

«የምኑ? የቤቱ?»

«የዲስኩ!»

ያንኑ ባለ 48 ቁጥር አወጣሁለት። የጀርባውን ብሎኖች ፈታ፣ ሽፋኑን በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን ፈልቅቆ አነሳ፣ አንዲት ብሎን ፈታና ከማስቲካ ብዙም የማትበልጥ ኤስኤስዲ መዘዘ። ማስቀመጫ ውስጥ ከቶ በዩኤስቢ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ቁልፉን ጠየቀ፣ ሰጠነው፣ ሁሉም ፎልደር ቁጭ ብሏል። ኤስኤስዲው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር። አሁን ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ከፕሮሰሰሩ በፊት ይሄን እንዲጠይቅ ነው የምነግረው። ኮፒው ሲያልቅ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍተን ወደ ቦታው መለስነው፤ ማሽኑ የሚመለሰው ሙሉ ዕቃው እንዳለ ነውና።

ኮፒ ስታደርጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍላሻችሁ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ 4 ጊጋ የሚሞላን አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ ሞልቶም ቢሆን። የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ እምቢ ያለው በዚህ ነው። ኤክስፋት ብለን ፎርማት ስናደርገው ገባ።

አዲሱ ላይ ዶክመንቶችና ፎቶዎች ያለ ችግር ገቡ። ያደከመኝ ፋይል ያልሆነው ነገር ነው። የእድራችን የድሮ ደንብ የተተየበው በፓወር ግዕዝ ፎንት ነው። ስከፍተው ገጹ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነብኝ። አልተበላሸም። እነዚያ አሮጌ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ከሌለ ሥሩ ያለው ላቲን ብቻ ይታያል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ነው) የገባው በ1999 ቢሆንም በአሮጌው መንገድ መጻፍ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቀጥሏል። ፎንቱን ከአሮጌው ዲስክ ኮፒ ፈለግሁት። በዋናው የዊንዶውስ ፎንት ፎልደር የለም። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ፎንት የሚቀመጠው አፕዴታ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው፤ እዚያ ተገኘ። የዎርድ የግል መዝገበ ቃላትም እዚያው ነበር። እሱን ባላመጣው ኖሮ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአባሎቻችን ስም ሁሉ ከሥሩ በቀይ እየተሰመረ እንደገና ልመዘግበው ነበር።

የተላከልኝ የቀድሞው ሞዴል ስላለቀ ቀጣዩ ነው። ፈጠን ይላል፣ ስክሪኑም ደመቅ ያለ ነው። ትልቁ ዩኤስቢ ግን አንድ ብቻ ቀርቶታል፣ ራሙም የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። ኤስኤስዲው ይወጣል፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ዋስትናው ደግሞ አዲስ አይደለም፣ የአሮጌው ቀሪ ጊዜ ነው የተላለፈለት።

ከዚህ ገዝታችሁ በሰው እጅ አዲስ አበባ ለምትልኩ፦ ዋስትናው ሌላ ሀገር ይሠራ እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትላኩ። ብዙዎቹ የተገዙበት ሀገር ላይ ብቻ ይሠራሉ። ያኔ ሳጥን የሚልክላችሁ የለም፤ ዕቃው በመንገደኛ ሻንጣ ተመልሶ መምጣት አለበት፣ ደረሰኙም እናንተ ጋ መኖር አለበት።

እስካሁን አንዴም ድርግም አላለብኝም። ፋኑ ዙም ላይ ይሰማል፣ ግን አይረብሽም። ስፒከሩ ቀጭን ነው፤ የእድሩ ስብሰባ ሲኖር ሌላ ስፒከር እሰካለሁ።