የኢንዱሮ ሞተር ፍሬን ለማሻሻል፦ ሸራ፣ ዘይት፣ ቱቦ ወይስ ዲስክ?

የሞተራቸው ፍሬን አልያዝ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ትልቅ ዲስክ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ገንዘባችሁ መጀመሪያ ለሸራና ለፍሬን ዘይት ይውጣ፣ ቀጥሎ ለቱቦ፤ ዲስክ ከሁሉም በኋላ ይምጣ። የኢንዱሮ (ከአስፋልት ውጭ በጭቃና በተራራ የሚነዳ ሞተር) ፍሬን የሚረታው በጉልበት ማነስ ሳይሆን በሙቀትና በጭቃ ነውና።

ንጽጽሩን የማደርገው ሁለት ሞተሮችን ይዤ ነው። አንደኛው ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ነው፤ የፊት ዲስኩ 256 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 220፣ ክብደቱ ከነነዳጁ 142 ኪሎ ገደማ። ሁለተኛው ኬቲኤም 300 ኢኤክስሲ ነው፤ ፊቱ 260፣ ኋላው 220፣ ክብደቱም ነዳጅ ሳይሞላ ከ100 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ዲስኮቻቸው ተቀራራቢ ናቸው፤ ፍሬናቸው ላይ የሚወድቀው ሥራ ግን በጣም ይለያያል። ሆንዳው ፎር ስትሮክ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲቀንሱለት ሞተሩ ራሱ በማርሽ ይይዛል። ኬቲኤሙ ቱ ስትሮክ ነው፤ ነዳጅ ሲቀንሱለት የሚይዘው እምብዛም ስለሆነ ረጅም ቁልቁለትን የሚወርደው በፍሬን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለውን መንገድ የሚያውቅ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ ፍሬን ላይ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። ስለዚህ የኬቲኤም ባለቤት ስለ ሙቀት አብልጦ ያስብ፤ የሆንዳው ባለቤት ደግሞ ስለ ክብደትና ጎማ እንዳይቆለፍ ስለሚጠብቀው ኤቢኤሱ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። ጭቃ ገብቶባቸው ከደረቁ ካሊፐሩ ባለበት ይቀራል፤ ሸራዎቹም እኩል አይሠሩም። አውልቃችሁ ስታዩ የሸራው አንድ ጫፍ ገና ወፍራም ሆኖ ሌላው ጫፍ ብረቱ ላይ ሊደርስ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ፒኖቹን አጽድቶ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ መቀባት ብቻ ብዙ ፍሬን መልሷል።

ከዚህም ይልቅ የሚዘነጋው የኋላ ፔዳሉ ነው። የኬቲኤም መመሪያ ፔዳሉ ፍሬኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ እንዲኖረው ያዝዛል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ በማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን በፒስተን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ደቃቅ ቀዳዳ ይከፈታል። ፔዳሉን ለእግር እንዲመች ከፍ ሲያደርጉት ባዶ ጉዞው ከጠፋ፣ ፒስተኑ ያንን ቀዳዳ እንደዘጋ ይቀራል። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መመለሻ ስለሌለው ሸራውን ይገፋል፤ ሸራው ዲስኩን ያሻል፤ ሙቀቱም ይብሳል። መጨረሻው ወይ ጎማው ይቆለፋል፣ ወይ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው የሚነዱም ይኸው ይገጥማቸዋል። እንዲህ የሆነ ሞተር ላይ ውድ ዲስክ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሸራ፦ ኦርጋኒክ ወይስ ሲንተርድ

ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። ኦርጋኒክ የሚባለው ሸራ ልዩ ልዩ ክሮችና ዱቄቶች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። አያያዙ ለስላሳ ነው፤ ጣታችሁ የጫነውን ያህል ብቻ ይይዛል፤ ድምፅ የለውም፤ ዲስኩንም አይጎዳም። ድክመቱ ጭቃ ነው። አሸዋ የቀላቀለ ጭቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ሲውል የሚያልቀው ዓይናችሁ እያየ ነው። ሲንተርድ ደግሞ የብረት ዱቄት በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ውኃ ነክቶትም ወዲያው ይይዛል፣ ጭቃ ይችላል፣ ሙቀት ይቋቋማል። በአንጻሩ ዲስኩን ቶሎ ይበላል። ብረት በመሆኑም ሙቀቱን ወደ ካሊፐሩ ፒስተንና ወደ ዘይቱ ያሳልፋል፤ ሲንተርድ የሚያስገባ ሰው ዘይቱንም አብሮ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው።

የኋላው ላይ አላመነታም፤ በሁለቱም ሞተሮች ሲንተርድ ይግባ። የኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ሁሉ እዚያው ነው የሚያርፈው፤ ትንሹ ዲስክም ቶሎ ይግላል። የፊቱ እንደ መንገዱ ነው። ክረምት ከበጋ ጭቃ ውስጥ የሚነዳ ሲንተርድ ይግዛ። ደረቅ ጠጠርና አቧራ ላይ የሚነዳ፣ በተለይ ገና እየለመደ ያለ ሰው፣ ኦርጋኒክ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ ልል ጠጠር ላይ የፊት ጎማ ድንገት ከተቆለፈ መውደቅ ነውና።

ሸራው ጀርባ ላይ ሁለት ፊደላት ታትመው ታገኙ ይሆናል። የመጀመሪያው ሸራው ሳይሞቅ፣ ሁለተኛው ሲግል የሚኖረውን የሰበቃ መጠን ያመለክታሉ። ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው፤ ኤች ከ0.55 በላይ። ስለዚህ ኤችኤች የተባለው ከጂጂ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ፊደሉ የማይነግራችሁ ግን አለ፦ ሸራው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ።

አዲስ ሸራ ታስሮ ወዲያው ቁልቁለት አይወረድበትም። ሜዳ ላይ ፍጥነት እየጨመሩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙ ደጋግሞ ማብረድ፣ በየመሐሉም ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ ይጣል። በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ልማድ ሆኗል፤ ዘይቱ ግን ውስጡ ገብቷል።

የፍሬን ዘይት

ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ሲስብ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 5.1 አዲሱ 260፣ ውኃ የሳበው 180 ነው። ጎን ለጎን ስታዩዋቸው አንድ ነገር ይታያችኋል፦ አዲስ ዶት 4 ካረጀ ዶት 5.1 በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ውዱን ገዝቶ ሦስት ዓመት ከማቆየት ርካሹን በየዓመቱ መቀየር ይሻላል። እኔ ዶት 5.1ን የምመክረው ለኬቲኤሙ የኋላ ፍሬን ነው፤ ለሆንዳው ዶት 4 ይበቃዋል። ትንሹን ጠርሙስ ግዙ፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ከአየሩ እርጥበት ይስባል።

ዶት 5 የዶት 5.1 ታናሽ እንዳይመስላችሁ። ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም፣ ኤቢኤስ ላለው ሞተርም አይሆንም። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የማጉራ ኩባንያ ሃይድሮሊክ (በዘይት የሚገፋ) ፍሪሲዮን የሚሠራው በሚነራል ዘይት ነው፤ የብሬምቦው ግን በፍሬን ዘይት። አንዱን በሌላው ከሞላችሁት የውስጥ ጎማ ማሸጊያዎቹ አብጠው ፍሪሲዮኑ ይበላሻል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አንዲት ጠብታ አትጨምሩ።

ቱቦ

የጎማ ቱቦ በግፊት ጊዜ በጥቂቱ ይነፋል፤ ጣታችሁ የሰጠው ጉልበት በከፊል ቱቦውን በመንፋት ያልቃል። በብረት ሽቦ የተጠለፈው አይነፋም፤ ፍሬኑ ሲያዝ ጠንከር ይላል። ሞተራችሁ የዓመታት ዕድሜ ካለው፣ ቱቦውም መሰነጣጠቅ ከጀመረ፣ ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ትለዩታላችሁ። አዲስ ሞተር ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ኤቢኤስ ባለው ሆንዳ ላይ ደግሞ ሥራው ይበዛል፤ ቱቦዎቹ ብዙ ናቸው፣ አየሩን ማስወጣትም ትዕግሥት ይጠይቃል። እዚያ ላይ አልቸኩልም።

ዲስክ

ከ260 ወደ 270 ሚሊ ሜትር ማደግ ብዙ ይመስላል። እናስላው። ዲያሜትሩ በ10 ሲጨምር ሸራው ከመሐል ያለው ርቀት በ5 ብቻ ይጨምራል። ሸራው የሚይዘው ከመሐል 115 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ነው ብንል፣ ትርፉ 4 በመቶ አካባቢ ነው። ጥሩ ሸራ ከዚህ በላይ ይሰጣችኋል። ለ270ው ደግሞ ካሊፐሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቅንፍም መግዛት አለ። ጥቅሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ትልቁ ዲስክ ብዙ ብረት ስላለው ቀስ ብሎ ይግላል። ከባድ ሰው ከሆናችሁ ወይም በሆንዳው ላይ ሻንጣ ጭናችሁ ተራራ የምትወርዱ ከሆነ ያዋጣችኋል። ለሌላው ሰው ቅንጦት ነው።

ለኋላው ግን የምወደው ዲስክ አለ፤ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ዲስክ። ጭቃ ውስጥ ቀዳዳዎቹ ሸራውን ይሞርዱታል፤ ድፍኑ አይሞርድም፣ ሙቀትም ይችላል። ጥቂት ይከብዳል፤ ይክበድ። ያላችሁን ዲስክ ከመጣላችሁ በፊት ግን ውፍረቱን ለኩ። የመጨረሻው ልክ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ በኬቲኤሙ ፊቱ 2.5፣ ኋላው 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ከወረደ መቀየሩ ግዴታ ነው፤ ካልወረደ ገና ሥራ አለው። የምትለኩት ሸራው በሚያርፍበት ቦታ ይሁን እንጂ ጠርዙ ላይ አይሁን፤ ጠርዙ ስለማይበላ ያሳስታችኋል።

የቀረው

ማስተር ሲሊንደር መቀየር የሚያስኬደው በልዩ ምክንያት ብቻ ነው። የፒስተኑ ዲያሜትር ከ11 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ሲያንስ በዚያው የጣት ጉልበት ግፊቱ 21 በመቶ ይጨምራል፤ በምትኩ ማንሻው ወደ መሪው ይጠጋል። ጣቱ የሚደክመው ሰው ያስብበት። የኋላ ዲስክ መከላከያ ግን ድንጋያማ ቦታ ለሚነዳ ሁሉ ይገባዋል፤ አንድ ድንጋይ የሚያጣምመው ዲስክ ከመከላከያው ይወደዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለባጃጅና ለቲቪኤስ የሚሆን መለዋወጫ እንደ ልብ ነው። ለእነዚህ ሁለት ሞተሮች ግን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስላክ ሊኖር ነው፤ ሸራ ደግሞ ለመላክ ከሁሉም የሚቀል ዕቃ ነው። የሞተሩን ስም ብቻ አትላኩ፤ አንዱ ዓመት ከሌላው ካሊፐሩ ይለያል። የድሮውን ሸራ አውጥታችሁ ፊትና ጀርባውን፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ጭምር፣ ፎቶ አንሱ፤ ርዝመቱንም በሚሊ ሜትር ለክታችሁ አብራችሁ ላኩ። ሲደርሳችሁ ከድሮው ጋር ጀርባ ለጀርባ ግጠሙት፤ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ማሸጊያውን ሳትጥሉ መልሱ።