ለቱሉ ዲምቱው መካኒክ ምስጋና፤ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ አንብቡልኝ

አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ከማስወረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ከቢሾፍቱ እንቁላል እያመጣሁ ለአቃቂና ለቃሊቲ ሱቆች አከፋፍላለሁ። የምሠራባት አሮጌ ቶዮታ ፒክ አፕ ከአባቴ የቀረችኝ ናት። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ሲገዛት ጎረቤቱ ሁሉ "ፍሪሲዮን የሌላት መኪና ምን ትሆነዋለች?" ብሎ ስቆበት ነበር። እርሱ ግን እኔንም መንዳት ያስተማረኝ በእርሷው ነው። ወንድሞቼ "በኪሎ ሽጪያት" ሲሉኝ እሺ ያላልኩት ለዚህ ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ። ሞተሩ እየጮኸ ማርሽ አልቀይር ትላለች፤ ቆይታ ስትቀይር ደግሞ ገፍትራ ነው። እንቁላል ለጫነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። አውቶማቲክ ናት ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። አንዱ ኮፈኖዋን እንኳ ሳይከፍት "ካምቢዮው አልቋል" ብሎ ፈረደባት። ሌላው ወደ ማኑዋል ካልተቀየረች ተስፋ የላትም ብሎ የጠራው ዋጋ የዶሮ እርባታ ያስከፍታል። አንደኛው ደግሞ ካምቢዮውን አውርዶ መልሶ ገጠመና የተረፉ ቡሎኖች በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። "ትርፍ ናቸው" አለኝ። ትርፍ! ጃፓኖቹ ምርቃት ጨምረውልን ይሆናል። መኪናዋ እንደነበረችው ነበረች፤ ገንዘቤ ብቻ ሄደ።

ሱቅ ያላት ደንበኛዬ አዝናልኝ ነው ወደ ቱሉ ዲምቱ የላከችኝ፤ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። መካኒኩ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ ሲሞቅ ነው ወይስ ጠዋት ሲነሳ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገሽ ስትረግጪ ነው ወይስ ቀስ ስትይ? እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያ ሞተሩ እንደተነሳ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዙና በነጭ ወረቀት ጠረጉት፤ አሸተቱት። "ቀይ ነው፤ የተቃጠለ ሽታም የለው። አይዞሽ ልጄ፣ ገና አልሞተችም" አሉኝ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

እንቁላሉን ላውርድ ብል እምቢ አሉ። "ባዶዋን ብነዳት በሽታዋን ትደብቀኛለች። የለመደችው የአንቺን እግር ነው፤ አንቺ ንጂ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከላይ ያለውን የእንቁላል ትሪም ጭናቸው ላይ አኖሩ። ዳገቱን ወጥተን እስክንመለስ ትሪውን አቅፈው ሞተሩን ሲያዳምጡ ነበር። ያን ጊዜ ያየሁት ትሕትና ከጥገናው በላይ ልቤን ነካው።

ጥፋቱ ከነዳጅ መስጫው በኩል ወደ ካምቢዮው የሚወርድ አንድ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ዝጎ ስለሚይዝ ካምቢዮው እግሬ ሁልጊዜ ነዳጅ የረገጠ ይመስለዋል፤ ማርሽ የሚያዘገየው በዚህ ነው ብለው አስረዱኝ። ከዚህ በላይ ያሉኝን አልያዝኩትም። ረዳታቸውን መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ልከው ደህና ገመድ አስመጡ፤ ቀየሩት፣ ልኩን አስተካከሉት። ያስከፈሉኝ ለነዳጅ ከማወጣው ያነሰ ነው። ልጨምር ብል "ለልጆችሽ እንቁላል ቀቅዪበት" ብለው መለሱልኝ።

አሁን ማርሽ ስትቀይር አይታወቅም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት!

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመኑኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻቸውን እነግራችኋለሁ። በተለይ "ካምቢዮው አልቋል" የተባላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ሂዱ። የዘወትር ጭነታችሁን እንደጫናችሁ ሂዱ እንጂ ባዶ መኪና ይዛችሁ አታድክሟቸው። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይሠሩም።