ስሮትልስቶፕ በአዳማ ሙቀት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ማሽኑ ኮር አይ7-8700 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ነው፤ ፋኑ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የመጣው ትንሹ የኢንቴል ፋን፣ ሥራው የሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ። የፕሮሰሰርን የኃይል ገደብና ቮልቴጅ የሚያስተካክለው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ስሮትልስቶፕ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እየሠራበት የአዳማን መጋቢትና ሚያዝያ አልፏል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ኢንስታል ማድረግም አያስፈልገውም፤ ዚፑን ፈትቶ ማስነሳት ብቻ። የሚሠራው ግን ለኢንቴል ነው፤ ራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ያለው ሰው እዚህ ባይደክም ይሻላል።

ቀድሞ ሬንደር (ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት) ላይ ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ይነካ ነበር። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ነው፤ እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካርቶኑ 65 ዋት ቢልም ብዙ ማዘርቦርዶች ገደቡን ልቅ ስለሚያደርጉት ሁሉም ኮር ሲሠራ ወደ 120 ዋት ይጠጋል። ያቺ ፋን ይህን አትችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚከፈተው ቲፒኤል የሚለው መስኮት ነው። ፒኤል1 (የረጅም ጊዜ ገደብ) ላይ 80 ዋት፣ ፒኤል2 (የአጭር ጊዜ ገደብ) ላይ 95 ዋት፣ ቱርቦ ታይም ሊሚት ላይ 28 ሰከንድ። ሙቀቱ ወዲያው ወደ 82 ወረደ፤ የግማሽ ሰዓት ሬንደር ላይ የጨመረው አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቮልቴጅ መቀነስ ነው፤ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ይህ የዋት ገደብ ነው።

ቮልቴጁ የሚስተካከለው ኤፍአይቪአር በሚለው መስኮት ውስጥ ነው። ሲፒዩ ኮርና ሲፒዩ ካሽ እኩል መውረድ አለባቸው፤ አንዱን ብቻ መንካት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ 50 ሚሊቮልት ቀንሶ ከዚያ በ10 በ10 ተጨማሪ መውረድ ነው። የኃይል ፍጆታ ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 1.2 ቮልት የነበረው 1.12 ሲሆን በዚያው ፍጥነት 13 በመቶ ያህል ይተርፋል። የዋት ገደብ ካለ ግን የተረፈው ወደ ፍጥነት ይዞራል፤ እዚህም ሙቀቱ እምብዛም ሳይቀንስ የጠፋችው ደቂቃ ተመለሰች።

ቮልቴጁ ከልክ በላይ ሲወርድ ማሽኑ ሬንደር ላይ ሳይሆን ሥራ ሲፈታ ወይም ብሮውዘር ሲከፈት ሊደርቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ኢቬንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ የሃርድዌር ስህተት የሚመዘግበው WHEA-Logger ቁጥር 19 ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ እዚህ 110 ሚሊቮልት ሲቀነስ መጣ፣ ቅነሳው 80 ሲሆን ጠፋ። ቁጥሩን ግን አትቅዱ፣ ፕሮሰሰር ከፕሮሰሰር ይለያያል።

የኤፍአይቪአር መስኮት ሎክድ (ተቆልፏል) ካለ፣ በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ከሆነው፣ ቮልቴጅን በመቀነስ ከሚያጠቃው የፕላንደርቮልት የደህንነት ክፍተት በኋላ በወጣ የባዮስ አፕዴት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የደህንነት መከላከያም ቮልቴጅ መቀነስን ይከለክላል። የደንበኛ ፋይል ያለበት ማሽን ላይ ለጥቂት ሜጋኸርዝ ብሎ መከላከያ ማጥፋት አያዋጣም፤ የዋት ገደቡ ይበቃል።

መብራት ሲሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ገደቡ ስለሚጠፋ ፕሮግራሙ በታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞችን በራሱ በሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) አብሮ መነሳት አለበት፣ ከነሙሉ የአድሚኒስትሬተር ፈቃዱ። ዩፒኤስ በዩኤስቢ ከተሰካ፣ መብራት በሌለበት ሰዓት ዊንዶውስ ማሽኑን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፣ ታስኩም አይነሳም። ኮንዲሽንስ ውስጥ በኤሲ ፓወር ብቻ የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው።

ሶፍትዌር የማይነካው ነገርም አለ። ከ1,600 ሜትር በላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ያው ፋን ከባሕር ጠለል ያነሰ ሙቀት ይሸከማል፤ ክፍሉ በ8 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ኮረብታው ላይ ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ደግሞ አቧራውን በሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስወጋጅ ብረት) ክንፎች መሃል ይጠቀጥቀዋል። ዋቱ 80 ላይ መቆሙ እዚህ ሌላ ጥቅም አለው፦ በዚያው ዋትና በዚያው የክፍል ሙቀት 82 የነበረው 88 ካሳየ ፕሮግራሙን መነካካት ትቶ ብሎወር ማንሳት፤ ከተነፋም በኋላ ካልወረደ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል።