ደብረ ብርሃን ላይ በፍቺና በቤት ጉዳይ ጠበቃ ለምትፈልጉ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ይህን ምስጋና የምጽፈው ለአንዲት ጠበቃ ነው። «ስሜን በአደባባይ እንዳይጽፉብኝ» ስላለችኝ አልጽፍም፤ የቸገረው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ። ከእሷ በፊት ያየሁትን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ከልጆቼ አባት ጋር መለያየታችን ቁርጥ ሲሆን የቀረን ክርክር ቤቱ ብቻ ነበር። በልጆቹ አልተጣላንም፣ እኔ ጋ ናቸው። የቤቱ ካርታ ግን በእሱ ስም ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ጠበቃ ቅድሚያውን ተቀብሎ ስልክ ማንሳት ተወ። በቀጠሮው ቀን ችሎት በር ላይ ብቻዬን ቆሜ «ጠበቃሽ የታለ?» ስባል ያፈርኩትን እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ሌላው ደግሞ ወረቀቴን ገልጦ እንኳ ሳያይ «ካርታው በስሙ ከሆነ አትድከሚ፣ የሚሰጥሽን ተቀብለሽ ውጪ» አለኝ። ለዚህችም ምክር አስከፍሎኛል! የዚያ ቤት ብሎኬት የተገዛው እኮ እኔ ጭስ ዓይኔን እየለበለበኝ ባወጣሁት አረቄ ነው። ደላላውም አልቀረም፤ ገዢ ነው ያለውን ሰው አስከትሎ መጥቶ እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ማድ ቤቴን ሲያስጎበኝ ነበር።

እሷ ዘንድ ጎረቤቴ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ልጅ እግር ናት፤ እውነት ለመናገር ሳያት «ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች» ብያለሁ። «መቼ ተጋባችሁ? ቤቱስ መቼ ተሠራ?» ብላ ጀመረች። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 (በየማመልከቻው ላይ ስለምታሰፍረው ቁጥሩን ሸምድጄዋለሁ)፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል አለችኝ። የግሌ ነው የሚለው ነው ማስረዳት ያለበት። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እኛ የሠራነው ተጋብተን፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነው። ወዲያው ቤቱ እንዳይሸጥ፣ ስሙም እንዳይዞር እግድ አስወጥታ ለማዘጋጃ ቤት አደረሰችው። ደላላው ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አልታየም። ዳኛዋም እስኪወሰን ድረስ ከልጆቼ ጋር ቤቱ ውስጥ እንድቆይ አዘዙልኝ። የቀረውን የወረቀት ነገር አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሽማግሌዎች ገብተው ግቢው ለሁለት ይከፈል ተባለ፤ ዋናው ቤት ለእሱ፣ ከጓሮ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ለእኔ። ሁላችንም ሰልችቶን ነበርና ተስማማን። ወረቀቱ ተጽፎ ልንፈርም እሷ ቢሮ ተቀመጥን። አነበበችው። እስክሪብቶውን ትሰጠኛለች ስል ክዳኑን መልሳ ገጠመችና «እትዬ፣ እርስዎ በየት በኩል ነው የሚገቡት?» አለችኝ። ዝም አልን። «የውሃ ቆጣሪው ማን ጋ ይቀራል? ሽንት ቤቱስ?»

የግቢው በር አንድ ነው። ቆጣሪው በሩ ሥር፣ ሽንት ቤቱ ከዋናው ቤት ጎን። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንነጋገር አንድም ሰው አላነሳውም! አንደኛው ሽማግሌ «ይተሳሰባሉ እንጂ» ቢሏት «ቢተሳሰቡማ እዚህ አይመጡም ነበር አባባ» አለች። የልጆቼ አባት እንኳ ሳቀ። «ዛሬ ማንም አይፈርምም» ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ብንፈርም እኮ ሥራዋ አልቆ ቀሪ ሒሳቧን የምትቀበልበት ቀን ነበር።

በነጋታው በዚያ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ በራሷ ባጃጅ ከፍላ፣ ጋቢ ተከናንባ ግቢያችን ድረስ መጣች። ዞረች፣ በእርምጃ ለካች፣ ቡና ጠጣች። ማዘጋጃ ቤትም ሄዳ ብትጠይቅ ቦታው ስለሚጠብ ሁለት ካርታ አይወጣለትም አሏት። ከዚያ የቀረው መንገድ መሐንዲስ ቤቱን ገምቶ አንዳችን የሌላውን ግማሽ መግዛት ነው፤ ያ ካልሆነ ጨረታ። በጨረታ ቢሸጥ ሁለታችንም ልንጎዳ እንደምንችል ለእሱም ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። የእሱ ጠበቃ አይደለችም እኮ! እሱም «እሷ ትግዛው፣ ልጆቹ ከቤታቸው አይውጡ» አለ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ገንዘቡ እንዴት ተገኘ ብትሉኝ፣ የእቁባችን ዳኛ አባላቱን ለምነው ዕጣው ቀድሞ እንዲደርሰኝ አደረጉ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደርኩ፣ ወንድሜም መንዝ በጎቹን ሸጦ አገዘኝ። ስምምነቱ ፍርድ ቤት ጸድቆ ካርታው ወደ እኔ ስም ዞሯል። የልጆቼ አባት ድርሻውን ይዞ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሥራ ጀምሯል፤ ድሮም ብርዱን አይወደውም ነበር።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ እባካችሁ ቤታችሁን በተስፋ መቁረጥ አትፈርሙት። መጀመሪያ እሷን አማክሩ። የእኔን ክፍያ ቀስ እያልኩ እንድከፍል ታግሳኛለች፣ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። የወለደ አንጀት ያላት ልጅ ናት፣ ዘመኗ ይባረክ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን አማክሩ!

ስትሄዱ የጋብቻ ማስረጃችሁን፣ የካርታውን ኮፒ፣ የግንባታ ፈቃድና ያልጣላችሁትን ደረሰኝ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ኮፒውን ጠዋት አስነሡት፤ ከሰዓት መብራት ሊጠፋ ይችላል።