ኮናን፦ ባለቀለሙ ኮሚክ ወይስ ጥቁርና ነጩ መጽሔት?

የአሜሪካዊው ደራሲ የሮበርት ሃዋርድ ጀግና፣ ተዋጊው ኮናን፣ መጀመሪያ የታየው በ1932 እ.ኤ.አ. በርካሽ ወረቀት በሚታተም የአስፈሪና ምናባዊ ታሪኮች መጽሔት ላይ ነው። በኋላ የኮሚክ (በስዕል የሚነገር ታሪክ) አሳታሚው ማርቭል በሁለት መልክ አወጣው። ሰብሳቢ ከየትኛው ይጀምር?

«ኮናን ዘ ባርባሪያን» በ1970 በ15 ሳንቲም ገበያ ላይ ዋለ። ሮይ ቶማስ ጻፈው፣ ባሪ ስሚዝ ሳለው። ቀለሙ ደስ ይላል። ችግሩ ወረቀቱ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ይበልዛል። የስቴፕለሩ ሽቦ ከዛገ ደግሞ ቡናማው እድፍ ገጹ ውስጥ ይዘልቃል። ንጹህ ቁጥር 1 ከተገኘ ዋጋው አይቀመስም።

«ሳቬጅ ሶርድ ኦቭ ኮናን» በ1974 ጀመረ። መጽሔት ስለነበር የኮሚክ ሳንሱር ደንብ አይመለከተውም፤ ታሪኩ እንደ ሃዋርድ ጽሑፍ ጨለም ይላል። ስዕሉማ ሌላ ነው! የጆን ቡሴማን የእርሳስ ንድፍ አልፍሬዶ አልካላ በጥቁር ቀለም ሲያጠናቅቀው፣ የድንጋዩ ስንጥቅ፣ የጡንቻው ጥላ በቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ ይታያል። ያንን ገጽ ቶሎ አትገልጡትም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መጽሔቱን እመርጣለሁ። 235 ቁጥሮች ስላሉት ብዙዎቹ ኪስ አይጎዱም። ብቻ የኮሚክ ማስቀመጫ ላስቲክ አይበቃውም፤ በመጽሔት ልክ የተሠራውን ግዙ።