ባለ 34 ጥርሱ ማርሽ በዓባይ በረሃ ዳገት

ባሕር ዳር ስኖር ስለ ማርሽ አስቤ አላውቅም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ሽማግሌውም ተማሪውም በተራ ብስክሌት እንደልቡ ይነዳበታል። ሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ካመጣኝ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እዚህ ገበያ ደርሶ መመለስም ዳገት አለው። ደጀን ዘልቆ ዓባይ በረሃ መውረድ ያማረው ሰው ደግሞ መውጫውን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በረሃው ሥር ካለው የዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምራል።

ስለዚህ የኋላውን ማርሽ አስቀየርኩ። የድሮው ሰባት ማርሾች የተደረደሩበት ሆኖ ትልቁ 28 ጥርስ ነበረው። አዲሱም ባለ ሰባት ነው፤ ትልቁ ግን 34 ጥርስ አለው። በቁጥር ሲታይ ያን ያህል አይደለም። ጉልበት ላይ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። የእኔ ብስክሌት የፊት ትንሹ ማርሽ 28 ጥርስ ነው። ከኋላም 28 ሲሆን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፤ በ26 ኢንች ጎማ ሁለት ሜትር ያህል ማለት ነው። በ34ቱ ግን 1.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምሄደው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ግን ይተርፋል። ለረጅም ዳገት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

የሸጠልኝ ሱቅ «ሌላ ምንም አያስፈልገውም፣ ገጥመህ ንዳ» ብሎኝ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም፤ ገዢ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። የድሮው ሰንሰለት ለ34ቱ ሊያጥር ይችላል። አጭር ሰንሰለት ከፊትም ከኋላም ትልቁ ላይ ከዋለ ይወጠርና የኋላውን መቀየሪያ፣ ማለትም ሰንሰለቱን ከማርሽ ማርሽ የሚያሻግረውን ዕቃ፣ ሊሰብር ይችላል። ከዚህ ያዳኑኝ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ይሄ ሰንሰለት አይደርስም» አሉኝ። «ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?» አልኳቸው። አዲስ ሰንሰለት በልኩ ቆርጠው አስገቡ። መቀየሪያው ትልቁን ማርሽ እንዳይነካም ብሎኑን አስተካከሉ። ከዚያ ጎማውን በእጃቸው እያዞሩ እያንዳንዱን ማርሽ አዳመጡት። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ባለሙያ ሲገኝ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የአዲሱ ማርሾች በጥርስ ብዛት 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24 እያሉ ቀስ ብለው ያድጋሉ። ከዚያ በአንዴ 34 ላይ ይዘላሉ። መሀል ላይ ምንም የለም። በዚያው ፍጥነት ልቀጥል ካላችሁ እግራችሁ 40 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት። ዳገቱ መሀል፣ ፔዳሉን በኃይል እየረገጣችሁ ከቀየራችሁት ደግሞ ሰንሰለቱ ይንገጫገጫል፤ ሊወልቅም ይችላል። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጠነክር ቀድማችሁ ቀይሩ። ለአንድ ዙር ረገጣችሁን አላሉ፣ ቀይሩ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ማርሹ ብቻውን ግን ዳገት አያወጣም። ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ ውጡ። ቆሞ መርገጥ ለአጭር ቦታ ጥሩ ነው፤ ሲረዝም ትንፋሽ ይጨርሳል። ጠጠር ላይ ሲሆን ደግሞ የኋላው ጎማ ክብደት ስለሚያጣ ይንሸራተታል። መሪውን አጥብቃችሁ አትጨብጡት፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። ሲጀምሩ መሮጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ማውራት በምትችሉበት ትንፋሽ ሂዱ። መታጠፊያ ላይ የውስጠኛው ጠርዝ ዳገቱ ከሁሉም ይብሳል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ኋላችሁን አይታችሁ፣ መኪና ከሌለ፣ ትንሽ ወጣ ማለት ይቀላል። ከባድ መኪና ከመጣ ግን ዳሩን ያዙ፤ ዳገት ለማቅለል ሲባል ሕይወት አይሰጥም። በረሃው ላይ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ተጣሟል፤ ዓይናችሁን ከፊታችሁ አታንሱ። ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ ረፋድ ላይ ሙቀቱ ከዳገቱ ይብሳል። ውኃ በብዛት፣ ቆሎም በኪስ።

ባሕር ዳር ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ማርሽ ትርፍ ወጪ ነው። ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ ላለ ሰው ግን ያለማመንታት ግዛ እለዋለሁ። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ጠይቁ፤ የአዲስ ሰንሰለትና የጠጋኝ ሂሳብም አብራችሁ ያዙ።